ኢንሱሊኑ የት ነው የሚያድረው?

አክስቴ የምትኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት አልፏታል። የክትትል ቀጠሮዋ ሁሌም ሰኞ ላይ ነው የሚውለው። በጠዋት ተነስታ፣ በባዶ ሆዷ፣ ባጃጅ ተሳፍራ ትሄዳለች። ወረፋ ትይዛለች፣ ጣቷን ትወጋለች፣ ቁጥሩ ይጻፋል። 280። ሌላ ጊዜ 310። ሌላ ጊዜ 295። ሐኪሙ ካርዷን ያይና ኢንሱሊኑን ከፍ ያደርግላታል። "ምግብ ላይ ይጠንቀቁ እማማ" ይላታል። ቀጣዩ ይገባል። በአንድ ዓመት ውስጥ መጠኑ ሦስት ጊዜ ተጨመረ።

አንድ ረቡዕ ማታ የጎረቤት ልጅ ቡና ልትጠራት ስትገባ በላብ ተጠምቃ አገኘቻት። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የምትናገረው አይገጥምም። ደግነቱ መዋጥ ትችል ስለነበር ልጅቷ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። ሆስፒታል ስትደርስ ስኳሯ ገና 52 ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ግራ ገባው። ሁልጊዜ "ስኳርሽ ከፍ ብሏል" የምትባል ሴት እንዴት ስኳር አንሷት ትወድቃለች?

መልሱ ከላቦራቶሪ አልመጣም። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የነበረች አንዲት ሲስተር አጠገቧ ተቀመጠችና "እማማ፣ ኢንሱሊኑ የት ነው የሚያድረው?" ብላ ጠየቀቻት።

አክስቴ ፍሪጅ የላትም። ኢንሱሊኗ የሚያድረው ሰፈሯ ካለ ሱቅ ነው፤ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በለስላሳና በታሸገ ውሃ መሀል። ጠዋት ሄዳ ትወስዳለች፣ ትወጋለች፣ ትመልሳለች። ማታም እንደዚያው። ባለሱቋ ደግ ሰው ናት፤ አንድም ቀን ፊቷን አጥቁራባት አታውቅም። እሑድ ግን ሱቁ ዝግ ነው። ባለሱቋ ቀኑን ሙሉ ቸርች ናት። አክስቴ ደግሞ ከዓመታት በፊት "ፍሪጅ ውስጥ ካላደረ ይበላሻል" ተብላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ይዛው ለመግባት አልደፈረችም። እሑድ አትወጋም። ሰኞ ጠዋት ትመረመራለች።

ሐኪሙ ያየው ቁጥር ትክክል ነበር። ነገር ግን ሲለካ የኖረው የሱቁን የእረፍት ቀን ነው። በዚያ ቁጥር ምክንያት የተጨመረው መጠን በቀሩት ስድስት ቀናት ሙሉውን ሰውነቷ ውስጥ ይገባል። ወሩ ገና ሲጀምር፣ ደህና ስትበላ፣ ሰውነቷ ችሎት ቆየ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው ልጇ የምትሰጣት ብር ይሟጠጣል፤ እራቷም ሻይ በዳቦ ይሆናል። የወደቀችው ያን ሳምንት ነው።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እያለ ማንም ቢሆን ቁጥሩን አይቶ ነው የሚያዘው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ጥያቄ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠየቀ፤ ያውም ከወደቀች በኋላ፣ ያውም በአንዲት ሲስተር ቅን ልብ።

በሕክምናው ዓለም ይህ ዓይነቱ ጥያቄ ስም አለው። የማኅበራዊ ችግሮች ልየታ ይሉታል። ልየታ የሚለውን ቃል የለመድነው ለማህፀን በር ካንሰር፣ ለደም ግፊት፣ ለቲቢ ነው። እዚህ የሚለየው ኑሮ ነው። ታካሚው የሚበላው አለው? ቤቱ የተረጋጋ ነው ወይስ ነገ ውጣ ሊባል ይችላል? ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት የሚከፍለው አያጣም? አጠገቡ የሚያግዘው ሰው አለ? የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው የሕክምና መመሪያ ላይ ሐኪሞች እነዚህን ነገሮች እንዲጠይቁና መልሱን ሕክምናውን ሲወስኑ እንዲጠቀሙበት ይመክራል።

ለምግብ ብቻ የተዘጋጀ አጭር መጠይቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሲሆን ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው "ባለፉት 12 ወራት መግዣ ሳናገኝ ምግባችን ያልቅ ይሆን ብለን ሰግተን ነበር" ይላል። ሁለተኛው "የገዛነው ምግብ አላዳረሰንም፣ መጨመሪያ ገንዘብም አልነበረንም" የሚል ነው። ታካሚው "ብዙ ጊዜ"፣ "አንዳንዴ" ወይም "በፍጹም" ብሎ ይመልሳል። ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ "አንዳንዴ" ካለ፣ ቤቱ ውስጥ የምግብ ችግር አለ ተብሎ ይያዛል። ከደቂቃ ብዙም አይፈጅም።

ለምን ስኳር ላይ ይህን ያህል ይከብዳል? የደም ግፊት ክኒን የዋጠ ሰው እራቱን ቢዘል አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ የቀረ ሰው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ርካሽ የስኳር ክኒንም ያው ነው። ሰውየው በላም አልበላም ስኳሩን ያወርደዋል። መጠኑ የሚሰላው "ይበላል" ተብሎ ነው። ስለዚህ ስለ እራቱ ሳይጠይቁ መጠን መጨመር ግማሹን ስሌት ሳያዩ መደመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቶታል። ጥናቱ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ተመለከተ። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ዘንድ በወሩ የመጨረሻ ሳምንት የሚተኙት ከመጀመሪያው ሳምንት በ27 በመቶ በልጠው ተገኙ። ገቢያቸው ከፍ ባሉት ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። በሽታቸው አንድ ነው። የተለያየው ወሩ የሚያልቅበት መንገድ ነው። ሐዋሳ ላይ በደሞዝ የሚኖር ሰው ከ20 በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንደሚገፋቸው ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ስኳርን "የሀብታም በሽታ" ማለት ለምደናል። አባባሉ እስከ ምርመራ ክፍል ድረስ ይገባል፤ የጠገበ ሰው በሽታ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ስለ ረሃብ መጠየቅ አይታየውም። በዓለም ላይ ከስኳር ጋር የሚኖሩ አዋቂዎች 589 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ይገምታል። ከአምስቱ አራቱ ያህሉ የሚኖሩት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ይኸው ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም "ዓይነት አምስት" ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የሚይዘው ቀጫጭን፣ ብዙውን ጊዜ ወጣት የሆኑ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጠግበው ያላደጉ ሰዎችን ነው። በጎንደር ገጠር የሠሩ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ከዚያ ቀደም ብለው ሲያዩና ሲጽፉ ነበር። እንግዲህ ረሃብ ከስኳር ጋር አብሮ መኖር ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ በሩን የሚከፍተውም እሱ ነው።

"ጠይቀንስ ምን ልንሰጠው ነው?"

ይህን ያለችኝ በሙያው ረጅም ዓመት የሠራች ወዳጄ ናት። "የምሰጠው ሳይኖረኝ ቁስሉን ነካክቼ ልተወው?" አለችኝ። ከልቧ ነው። ስጋቱም ትክክለኛ ነው። ግን ጥያቄውን የምናየው ከእርዳታ ጋር ብቻ አያይዘን ስለሆነ ነው እንዲህ የሚከብደን።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት አንድ የሚጠቅመን ልዩነት አስቀምጠዋል። ታካሚውን ለችግሩ ማገዝ አንድ ነገር ነው። ችግሩን አውቆ ሕክምናውን ማስተካከል ሌላ ነገር ነው። ለመጀመሪያው ብር፣ እህል፣ ቤት ያስፈልጋል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ማወቅ ነው። እኔ እዚህ አገር ላይ ትልቁን ተስፋ የማየው በሁለተኛው ነው።

የአክስቴን ኢንሱሊን እንውሰድ። ያልተከፈተ ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ መቀዝቀዣው ውስጥ ገብቶ በረዶ ከሆነ ደግሞ አይሆንም። የተከፈተው ግን ሌላ ነው። አብዛኛው ዓይነት፣ ሙቀቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ካልበለጠ፣ ያለ ፍሪጅ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ትክክለኛው ቁጥር ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሐዋሳ በበጋ ቀን ወደ 30 ይጠጋል፣ ማታ ይበርዳል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከዚህም አልፏል። በኬንያው ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ቤት ውስጥ የሚታየውን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚወጣና የሚወርድ ሙቀት ላቦራቶሪ ውስጥ ፈጥረው ኢንሱሊን አስቀመጡበት። ከአራት ሳምንት በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ጋር ሲያነጻጽሩት ጉልበቱ አልተለየም።

ሲስተሯ ለአክስቴ የነገረቻት ቀላል ነገር ነው። ሁለት የሸክላ ማሰሮ፣ ትንሹ በትልቁ ውስጥ። መሀላቸው አሸዋ። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። ጠርሙሱ በፌስታል ታስሮ ትንሹ ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ ከላዩ እርጥብ ጨርቅ ይለብሳል። ውሃው በሸክላው አልፎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውሃ በጠራራ ፀሐይ ቀዝቃዛ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቶቻችን ያውቁታል፣ ማንም ከኢንሱሊን ጋር አገናኝቶ ስላልነገራቸው እንጂ። አየሩ ሲረጥብ እንደ በጋው አይሠራም፤ ያኔ ደግሞ ቀኑ ራሱ ቀዝቀዝ ይላል።

ይህ ማስተካከያ የፈጀው የማሰሮ ዋጋ ነው።

ሌሎችም አሉ። እራቱን አዘውትሮ የማያገኝ ሰው ግሊቤንክላማይድ ከሚውጥ፣ ሁኔታው ከፈቀደ፣ ለብቻው ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች እምብዛም የማያወርደው ሜትፎርሚን የሚባለው ክኒን ቢታዘዝለት ይሻለዋል። ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ "እራት ትንሽ ከሆነ ይህን ያህል ቀንሰው ይውጉ" የሚል ግልጽ ትእዛዝ ሊሰጠው ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ በተለይ ዓይነት አንድ የሚባለው፣ ሰውነት ኢንሱሊን ራሱ የማይሠራበት ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በራሱ ጨርሶ ቢያቆም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ግን ሐኪሙ እንዲወስን መጀመሪያ መስማት አለበት።

ከገጠር የሚመጣው ሰው የመኪና ዋጋው ከመድኃኒቱ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለእሱ የአንድ ወር ፈንታ የሦስት ወር መስጠት፣ ቀጠሮውንም ገበያ ከሚመጣበት ቀን ጋር ማገናኘት ሕክምና ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው ስሪንጁ ላይ ያለውን መስመር ማየት ይችል እንደሆነ በእጁ ሰጥቶ "እስቲ 14 ላይ ይሳቡልኝ" ማለትም ሕክምና ነው። አማርኛው ለማይቀናው ሰው በሲዳምኛ የሚያስረዳው ሰው መጥራት እንዲሁ።

የምግብ ምክሩን ሳልነካ አላልፍም። በየክሊኒኩ የሚሰጠው ወረቀት አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ሥጋ በልኩ ይላል። ቆጮና የበቆሎ ቂጣ በልቶ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ወረቀት የሚነግረው ድህነቱን ነው። "ቆጮ ይተዉ" የተባለ ሰው ቆጮውን አይተውም፤ ክሊኒኩን ይተዋል። "ቆጮውን በዚህ እጅ ልክ ያድርጉት፣ ሻናውን (ጎመኑን) ይጨምሩ፣ በቀን አንዴ ብዙ ከሚበሉ ከፋፍለው ይብሉ" ቢባል ግን ቤቱ ካለው ነገር ላይ ነው የተነሳው። ሊያደርገው ይችላል።

ገበና

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የውጭውን መጠይቅ ቃል በቃል ገልብጠን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ "ተመስገን" ነው። ሰው ስለ ሕመሙ ይናገራል። ስለ ሌማቱ አይናገርም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንላለን። አክስቴ ግን በሽታዋን አልደበቀችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርዷን ይዛ ተሰልፋለች። የደበቀችው ፍሪጅ እንደሌላትና እራቷ ሻይ እንደሆነ ነው። ያ ደግሞ ገበና ነው። ገበናን ለማያውቁት ሰው፣ ያውም በር እየተከፈተ እየተዘጋ፣ ሌላ ታካሚ ጎን ተቀምጦ፣ ማን ያወጣል?

ለዚህ ነው የሲስተሯን ጥያቄ ደጋግሜ የማነሳው። "ፍሪጅ አለዎት?" አላለችም። እንደዚያ ብትጠይቃት አክስቴ "አዎ፣ አለ" ትላት ነበር፤ የሱቁን ማለቷ ነው። "የት ነው የሚያድረው?" የሚለው የሚጠይቀው ስለ ጠርሙሱ ነው። ስለ ጠርሙስ መናገር አያሳፍርም። ድህነቱ በጎን ይወጣል፣ ማንም ስሙን ሳይጠራው።

በዚህ መንገድ ሊጠየቅ የሚችል ብዙ ነው። "የሚበሉት አለዎት?" ከማለት "ትናንት ማታ ምን በሉ? ስንት ሰዓት ላይ?" ማለት ይሻላል። "መድኃኒት ያቋርጣሉ?" የሚለው ቁጣ ነው፤ መልሱ "ኧረ በጭራሽ" ነው። "ብዙ ሰው ወር መጨረሻ ላይ እንዲያዳርሰው ብሎ ይቀንሳል፤ እርስዎም እንዲህ ያደረጉበት ጊዜ አለ?" ሲባል ግን ሰውየው ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ፣ ከሌሎች ጋር ሦስት አራት ሆና አንድ ክፍል የተከራየች ወጣት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ትፈልጋለች። "አብረውሽ የሚኖሩት ስኳር እንዳለብሽ ያውቃሉ?" ካላወቁ የምትወጋው ሽንት ቤት ገብታ ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ትዘለዋለች። ለትዳር እንቅፋት ይሆናል ብለው የሚደብቁ ብዙ ናቸው። አንዲት ታካሚ ልጇ ወይም አማቷ አብረዋት ከገቡ እንዲህ ያለውን ነገር አትናገርም። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ብቻዋን ማናገር ያስፈልጋል።

ማን ይጠይቅ? ሐኪሙ ጊዜ የለውም፤ እውነት ነው። ክብደትና ግፊት የምትለካዋ ሲስተር ግን ታካሚው እጁን ዘርግቶላት ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ጊዜ አላት። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ደግሞ ቤቱን በዓይናቸው ያዩታል፤ እነሱ የሚያውቁት ነገር ሐኪሙ ጠረጴዛ ድረስ ቢመጣ ስንት ነገር ይቀል ነበር። እኔን ቢጠይቁኝ አንድ ደንብ ብቻ ይበቃኛል። መጠን ከመጨመሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የት ያድራል፣ ትናንት ምን ተበላ፣ ያልተወጋበት ቀን አለ ወይ። ይህ ቅጽ አይፈልግም። እንዲያውም ቅጽ እንዳይሆን እፈራለሁ። ቅጽ ሲሆን ተሞልቶ ሪፖርት ይደረጋል፣ ታካሚው ደግሞ እንደመጣ ይመለሳል።

እርዳታውም ቢሆን ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች ሐዋሳና አዳማ ይገኙበታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ተስፋፍቷል፤ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራርም አለው። ግን መድኑ የተሠራው ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው ነው። የተቀጣሪው የጤና መድን ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። የፓርኩ ሠራተኛ እዚህ መሀል ላይ ነው የምትወድቀው። መድን ያለውም ቢሆን ኢንሱሊኑ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሲጠፋ ወደ ግል ፋርማሲ ይላካል፣ ከኪሱ ይከፍላል። እድራችን ደግሞ ለለቅሶ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለኢንሱሊን ግን ደንቡ አያዝም። ይህ ሊቀየር የሚችል ነገር ይመስለኛል። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን።

ታካሚውን ወደ እርዳታ ሰጪዎች መላክ ብቻውን ተአምር እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በብዙ ክሊኒኮች ሰዎችን ስለ ምግብ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ትራንስፖርት እየጠየቀ ወደ አጋዥ ድርጅቶች የሚመራ ትልቅ ሙከራ አካሂዳለች። ግምገማው ያገኘው መምራቱ ብቻውን ሰዎቹን ከአገልግሎቱ ጋር ይበልጥ እንዳላገናኛቸው ነው። በሌላ ሙከራ የስኳር ታካሚዎች ጤናማ ምግብና ምክር በነፃ ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ምርመራቸው (HbA1c) በ1.5 የመቶኛ ነጥብ ወረደ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገቡት ግን በ1.3 ወርዶላቸዋል። ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም። አንዳንዱ ይህን አይቶ "እንግዲያው መጠየቁ ምን ያደርጋል" ይላል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። መልሱን ወደ ሌላ ቢሮ መላክ ከመጀመራችን በፊት የራሳችን ማዘዣ ላይ እናውለው። የአክስቴ ችግር የነበረው ማዘዣው ላይ ነው።

አክስቴ አሁን ማሰሮዋን ከበሩ ኋላ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጣዋለች። ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታደርገው አሸዋውን ማጠጣት ነው። እሑድም ትወጋለች። መጠኑ ተቀንሶላታል። ባለፈው ሰኞ 148 ነበር፤ ካርዷን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ወር መጨረሻው ግን እንዳለ ነው። ማሰሮው እሑድን እንጂ ከ20 በኋላ ያሉትን ቀናት አልፈታም። ባለፈው ወር በ27 ማታ ደወልኩላት።

"እራት በላሽ?"

"በላሁ፣ በላሁ።"

"ምን በላሽ?"

"አንተ ደግሞ፣ ስለ ልጆቹ ንገረኝ እንጂ" አለችኝ።

ቅዳሜ ሽሮና ምስር ይዤላት ሄድኩ። ከማሰሮው ጎን አስቀመጠችው።